ውሃ የተነፈገችው ሰሌዳ

አንድ ሰው ነበረ፣ ጠርሙስ ፋብሪካ ያለው ባለጸጋ። «ልጄ ዘንድሮ ምን ነክቷት እንዲህ ፈዘዘች?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያው አታቋርጠኝ፣ ስማ።

የባለጸጋው እቶን ሌት ተቀን ይነዳል፤ ወላፈኑ ግን በከንቱ ይባክናል። ይህን የሚያይ አንድ መካኒክ ነበረ፣ አንጀቱ ያርር ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የሠራተኞቹ ክሊኒክ ፍሪጅ እየቆመ የሕፃናቱ ክትባት ይበላሻል። የእሱም የመጀመሪያ ልጅ በኩፍኝ የሞተችበት እንዲሁ ክትባቱ ተበላሽቶ ነው።

አራት ዓመት ለፍቶ አንዲት ጥቁር ሰሌዳ ሠራ። ሶላር የፀሐይን ብርሃን እንደሚቀበል፣ እሷ ዓይን የማያየውን የእቶኑን ጨረር ተቀብላ ኤሌክትሪክ ታደርገዋለች። ፊቷ ወደ እሳቱ ነው፤ በጀርባዋ ግን በቀጭን ቱቦ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስሳል። ጀርባዋ ካልቀዘቀዘ ትቃጠላለች። የክሊኒኩ ፍሪጅ በእሷ ሠራ። መካኒኩ የፍሪጁን ድምፅ በሰማ ቁጥር እንባው ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ባለጸጋው መጣ።

«ይህ ሁሉ ውሃ ለምን ይፈስሳል?»

«ለእሷ ነው ጌታዬ። ያለ ውሃ ግማሽ ቀን አትቆይም።»

«ወሬ አታብዛ! ይልቅ ወደ እሳቱ አስጠጋት፣ ለቢሮዬም መብራት ትስጥ።»

መካኒኩ እግሩ ላይ ወድቆ ለመነ። ማን ሰምቶት! ባለጸጋው በገዛ እጁ ውሃውን ዘጋ፣ ሰሌዳዋንም ወደ እቶኑ አፍ ገፋት። እውነትም ለጥቂት ጊዜ የቢሮው መብራት ቦግ አለ። «አላልኩህም?» አለ። ቀትር ሳይሆን ሰሌዳዋ ተሰነጣጠቀች፣ ፍሪጁም ዝም አለ። ባለጸጋው አየት አደረጋትና «ድሮም ይህን ያህል አልነበረችም» ብሎ ሄደ። መካኒኩ ስብርባሪዋን በቱታው አቅፎ ወጣ። ክሊኒኩ በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። «ዛሬ ክትባት የለም፣ ተመለሱ» አላቸው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፤ ብትቆጣም ግድ የለኝም። ልጅህ ፊቷ ሁልጊዜ ወደ እሳት ነው። ትምህርቱ አለ፣ ሱቅህ አለ፣ የእናቷ ሕመም አለ፣ የአንተም ጩኸት አለ። ያን ሁሉ የምትችለው እሑድ እሑድ ከጓደኞቿ ጋር መረብ ኳስ እየተጫወተች ነበር። ውሃዋ እሱ ነበር። «ጊዜ ማባከን ነው» ብለህ የዘጋህባት አንተ ነህ። መጀመሪያ ሰሞን ውጤቷ ከፍ አለልህ፣ ለሰው ሁሉ አወራህ። ዛሬ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ፣ ገና ሻይህን ሳትጨርስ ምን አልከኝ? «ድሮም ይህን ያህል አልነበረችም።»