የዶክተር መርሻ ረዳት

በአንድ ወቅት፣ ትምህርት በስልክ መሰማት በጀመረበት ጊዜ፣ ዶክተር መርሻ የሚባሉ የጥርስ ሕክምና መምህር ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ትምህርታቸው በአዳራሽም በኢንተርኔትም ይሰጥ ስለነበር ተማሪዎቹ ቀስ በቀስ ዶርም ቀሩ። እሳቸው ግን ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ለካሜራው ያስተምራሉ፤ «ገባችሁ?» ብለው ባዶ ወንበሮቹን ያያሉ። የበሽተኞችን አነጋገር እያስመሰሉ ማሳየትም ይወዱ ነበር።

አዳራሹን ያልተወው ተማሪ አብዲሳ ብቻ ነው። «እኔም ከቀረሁ ለማን ያስተምራሉ?» ይላል። ጓደኞቹ «የወንበሮች አለቃ» እያሉ ይቀልዱበታል።

ዝናሽ የምትባል ተማሪ ደግሞ ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል። ክፍሏን ዘግታ ትምህርቱን በስልኳ ትሰማለች፤ ሲያልቅም ደግማ ትሰማዋለች። ከእሳቸው ድምፅ በቀር የማንንም ሳትሰማ የምትውልበት ቀን ብዙ ነው።

ከድር ደግሞ አዳራሽ አይገባም፣ ስልክም አይከፍትም። «ጥርስ በወሬ አይነቀልም» ባይ ነው። በትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ሐኪሞቹን ሲያግዝ ይውላል። ከክፍሉ ልጆች ስሙን የሚያውቅ የለም።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ሲያስተምሩ አንደበታቸው ተኮላተፈ፤ ምላሳቸው አፋቸውን የሞላው ይመስል ነበር። አብዲሳ በሽተኛ እያስመሰሉ መስሎት ሳቀ።

ዝናሽ ግን አልሳቀችም። የትናንቱን ትምህርት ከፍታ ፊታቸውን ከዛሬው ጋር አስተያየች። አገጫቸው ሥር አብጧል። የጥርስ መግል ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ እንደሚዘጋ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ የአብዲሳን ቁጥር ፈልጋ ደወለች።

«እያስመሰሉ አይደለም» አለችው። «አንገታቸውን እየው።»

አብዲሳ ዘሎ ተነሳ። ዶክተሩን በጀርባው አዝሎ፣ «አይዞዎት፣ ደረስን» እያለ ደረጃውን ወርዶ ክሊኒኩ አደረሳቸው።

ተረኛው ሐኪም ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ከድር ሐኪሙን አስጠራና ዶክተሩን አያቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ማንም ሳያዘው ከአገጫቸው ሥር ቀዶ መግሉን አፈሰሰው። ትንፋሻቸው ተመለሰ።

ዶክተሩ ሲድኑ ትምህርት ቤቱ አንድ ረዳት እንዲመርጡ ፈቀደላቸው። ረዳቱ አብሯቸው ያስተምራል፤ ጡረታ ሲወጡም ቦታቸውን ይወርሳል። ሦስቱም መጡ።

«እኔ ባልደውል አብዲሳ እየሳቀ ይቀር ነበር» አለች ዝናሽ፣ መሬት መሬት እያየች።

«አንቺ አልጋሽ ላይ ነበርሽ» አለ አብዲሳ። «ስልክ ደግሞ ሰው አያዝልም።»

«እኔ ባልኖር ያዘልከው ሬሳ ነበር» አለ ከድር።

አብዲሳ ወደ እሱ ዞረ። «አንተማ አንድ ቀን እንኳ ሰምተሃቸው አታውቅም።»

ዶክተሩ የአገጫቸውን ፋሻ ዳሰሱ። «ሦስታችሁም እውነት ነው የምትናገሩት፤ ቦታው ግን አንድ ነው» አሉ።

አንዱ ከተመረጠ ሁለቱ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ዝናሽ ወደተዘጋው ክፍሏ፣ አብዲሳ ወደ ወንበሮቹ፣ ከድር ስሙን ወደማያውቁት የክፍሉ ልጆች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ቦታው የሚገባው ለማን ነው? ከሩቅ ሆና ላዳመጠቻቸው፣ ሕመማቸው ሳይገባውም ቢሆን ከአጠገባቸው ላልጠፋው፣ ወይስ ሳይሰማቸው ነፍሳቸውን ላተረፈው?