አቶ ገብረየስ የመለሷት አህያ

አንድ ቀን፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ አዳማ ውስጥ ለአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ጣሪያ ማሠሪያ ወደ ተዘጋጀ ጨረታ ሄድን። ደግነታችን ብቻ ነው የወሰደን ብል ውሸት ነው። የሚሸጠው የካርቱን ሥዕል ነበር፤ ያውም ጋዜጣ ላይ የታተመው ሳይሆን ሠዓሊው በገዛ እጁ መጀመሪያ በእርሳስ ነድፎ ኋላ በቀለም የሠራበት ዋናው ወረቀት። እኛ ሦስታችን ደግሞ የዚህ ነገር በሽተኞች ነን። ሌላው ሰው ለቤቱ ሶፋ ሲገዛ እኛ ያረጀ ወረቀት እንገዛለን። ቤተሰቦቻችን ስለዚህ ጉዳይ የሚሉትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው።

አንደኛው ጓደኛዬ ወርቅአገኘሁ ጎሚስታ ነው። ጎማ ሲለጥፍ ይውልና እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ነው ሥዕሎቹን የሚነካው። ሁለተኛዋ ትርሲት ፋርማሲስት ናት። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንዲት አህያ የተነሳ አሥራ ሰባት ዓመት ተጨቃጭቀዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ተከታታይ ካርቱን ይወጣ ነበር፤ አያ ሸጋው የሚባል ሰውዬ የጠፋች አህያውን ሲፈልግ። ፈልጎ ፈልጎ፣ መጨረሻው ሳይታተም ጋዜጣው ተዘጋ። ወርቅአገኘሁ «በራሷ ጊዜ ትመለሳለች» ይላል። ትርሲት «ምን ቆርጧት ትመለሳለች» ትላለች። በሠርግም በለቅሶ ቤትም ሲከራከሩ ሰምቻቸዋለሁ።

ያን ቀን ያ ሳይታተም የቀረው የመጨረሻ ገጽ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። ሠዓሊው ሥዕሎቻቸውን በሙሉ ለመጦሪያው ለግሰው ኖሯል።

አህያዋ ተመልሳለች። ደጃፉ ላይ ቆማለች። ወርቅአገኘሁ ሊጨፍር ሲዳዳው ትርሲት «ቆይ እስቲ ወርቄ፣ ጠጋ በል» አለችው። ጠጋ ብለን ስናይ ከቀለሙ ሥር የእርሳሱ መስመር አለ። አህያዋ በቆመችበት ቦታ መጀመሪያ የተነደፈው አያ ሸጋው ነው፤ ብቻውን፣ አገጩን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሠዓሊው መጀመሪያ አህያዋን ላይመልሷት አስበው ነበር ማለት ነው። ኋላ አንጀታቸው አልችል ብሎ መለሷት። ሁለቱም ጓደኞቼ ልክ ነበሩ። ትርሲት አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን አሸት አሸት አደረግሁ። ለአህያ ማልቀስ ያሳፍራል የሚል ሰው ካለ እሱም አሥራ ሰባት ዓመት ይጠብቅና ያናግረኝ።

በዚህ መሃል አቶ ገብረየስ መጡ። የትልቅ ሬስቶራንት ባለቤት ናቸው። ስለማያውቁት ነገር ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሩቅ ይሰማሉ።

«ይሄማ ረቂቅ ነው» አሉ ሥዕሉን በጣታቸው እየነኩ። «እርሳሱ እንኳ በደንብ አልጠፋም።»

«አቶ ገብረየስ፣ ይሄን ወረቀት ውድ ያደረገው እኮ እርሳሱ ነው» አለ ወርቅአገኘሁ በትሕትና።

«አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ? እገዛዋለሁ። እርሳሱን በላጲስ ሙልጭ አደርግና ታፔላ ለሚጽፍልኝ ሰው ሰጥቼ ቀለም አስቀባዋለሁ። አህያዋ ቢጫ ብትሆን ያምርባታል። ከዚያ እጅ መታጠቢያው ጋ እሰቅላታለሁ።»

ትርሲት ክንዴን ጨመቀችው። ለሳምንት በልዞ ነበር።

ጨረታው ተጀመረ። የሦስታችንም ኪስ ተራግፎ ዘጠኝ ሺህ ብር ነው። እኛ ገና ስምንት ሺህ ከማለታችን አቶ ገብረየስ ዞር ብለውም ሳያዩን «ሠላሳ ሺህ» አሉ። የመጦሪያው ኃላፊ ወይዘሮ እልፍነሽ በማይክሮፎኑ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው አጨበጨቡ። በቃ፣ አለቀ። ቢጫዋ አህያ ከነሙሉ አካሏ ታየችኝ።

እንግዲህ የአገራችንን የጨረታ ልማድ ታውቁታላችሁ። ለበጎ ሥራ ሲሆን ያሸነፈው ሰው ይከፍልና «መልሼ ሰጥቻለሁ፣ እንደገና ይሸጥ» ይላል፤ ሰውም ይመርቀዋል። አቶ ገብረየስ ይሄ ልማድ እሳቸውን የሚመለከት አልመሰላቸውም። ሥዕሉን ሊረከቡ ብድግ ሲሉ ግን ወርቅአገኘሁ እያጨበጨበ ከአጠገባቸው ተነሳ።

«እናቶች፣ አባቶች፣ አቶ ገብረየስ መልሰው ሊሰጡ ተነሥተዋል፤ እንደገና ይሸጥ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የፊት ወንበር ላይ የነበሩት የመጦሪያው አዛውንቶች ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁ ጀመር። «ዕድሜዎን ያርዝመው»፣ «ቤትዎ አይጉደል»፣ «ክፉ አይንካዎ»። ወይዘሮ እልፍነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

አቶ ገብረየስ ወደ ወርቅአገኘሁ ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው መሃል «መቼ ነው እሰጣለሁ ያልኩት?» አሉ።

«አላሉም» አለ ወርቅአገኘሁ። «እንደማይሰጡ እንዲነግሯቸው ማይኩን ላምጣልዎት?»

አቶ ገብረየስ መራቂዎቹን አዩ። ማይኩን አዩ። ቁጭ አሉ።

ጨረታው ከአንድ ሺህ ተነሥቶ እንደ አዲስ ተጀመረ። ሁለት ሦስት ሰዎች ትንሽ ገፋ ገፋ አደረጉትና ተዉት፤ እኛ ዘጠኝ ሺህ ላይ ብቻችንን ቀረን። ወይዘሮ እልፍነሽ «አንድ፣ ሁለት» እንዳሉ የአቶ ገብረየስ እጅ ብድግ አለ። ትርሲት ዓይኗን ጨፈነች። ወርቅአገኘሁ ዞሮ አያቸው።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አሉት። «መጫረት መብቴ ነው። በመቶ ሺህም ቢሆን እገዛዋለሁ።»

«ኧረ ይጫረቱ፣ እኔ ምን ከፋኝ» አለ ወርቅአገኘሁ። «ብቻ አደራ፣ ሲያሸንፉ ቀስ ብለው ይነሡ። አዛውንቶቹ ገና ከመጀመሪያው ምርቃት አረፍ አላሉም።»

አቶ ገብረየስ ወደ ፊት ወንበር ቢያዩ አንዲት እናት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ አየር ስበው፣ እልልታውን ሊለቁት ተዘጋጅተው ይጠብቋቸዋል። በተነሣው እጃቸው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉበት።

«ሦስት» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።