የትርንጎ ድሪቶ

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት መርፌ ነው።

በአንድ ደጋ አገር ይመናሹ የምትባል አሮጊት ነበረች። ልጇ ሀረግ ከሞተች ወዲህ፣ ሀረግ የተወችላትን ትርንጎን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ትርንጎ ክረምቱን ሙሉ ሳል ይዟት ከምድጃ ዳር አልተነሣችም። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ አባራ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ። የጎረቤት ልጆች አበባ ሲለቅሙ ጫጫታቸው እስከ ምድጃው ድረስ ይሰማል።

«እማማ፣ እኔንም ሜዳ አውጪኝ» አለች ትርንጎ።

«ነፋሱ ደረትሽን ይወጋሻል። መጀመሪያ ድሪቶ ልስፋልሽ። በሱ ጠቅልዬ አወጣሻለሁ።»

ጨርቁ ነበር። ይመናሹ የሟች ልጇን ቀሚሶች ቀደደች፤ የራሷንም አሮጌ ነጠላ ቆራረጠች፤ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ነጩን ከጥቁሩ እያጋጠመች መደቡ ላይ ደረደረችው። ክርም ፈተለች። መርፌዋን ብታነሣ ግን ዓይኑ ተሰብሮ አገኘችው። እንዲህ ያለውን ወፍራም ጨርቅ የሚበሳ መርፌ ያላት ጎረቤቷ ብዙነሽ ነበረችና ወደ እሷ ሄደች።

«ብዙነሽ፣ መርፌሽን አውሺኝ። መርፌ ከሌለ ድሪቶ የለም፤ ድሪቶ ከሌለ ትርንጎ ከቤት አትወጣም።»

ብዙነሽ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «እትዬ ይመናሹ፣ ልጄ አራስ ናት፤ ጡቷ ነጥፏል። የምትጠጣው ወተት አጥታ ስትከሳ ማን ጠየቀን? ወተት ያምጡና መርፌውን ይውሰዱ» አለቻት።

ይመናሹ ላም ወዳለው ወደ አስናቀ ሄደች።

«አስናቀ ልጄ፣ ወተት ስጠኝ። ወተት ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ድሪቶ የለም፤ ድሪቶ ከሌለ ትርንጎ ከቤት አትወጣም።»

አስናቀ በእጁ ወደ በረቱ አሳያት። ላሚቱ ተኝታለች። «እማማ፣ ገደል ገብታ እግሯ ከተሰበረ ወዲህ ወጥታ አትግጥም። ሣር ታጭዶ ካልቀረበላት ወተት ከየት ይመጣል? ማጭዴም ለሁለት ተሰብሯል። እሱን ያሠሩልኝ፤ ሣሩን እኔ አጭዳለሁ።»

ይመናሹ የተሰበረውን ማጭድ ተሸክማ ወደ ቀጥቃጩ ወደ ቦጋለ ሄደች።

«ቦጋለ፣ ማጭድ ሥራልኝ። ማጭድ ከሌለ ሣር የለም፤ ሣር ከሌለ ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ድሪቶ የለም፤ ድሪቶ ከሌለ ትርንጎ ከቤት አትወጣም።»

«ሲቸግራችሁ ብቻ ነው ደጄን የምታውቁት» አለ ቦጋለ። «ሌላ ጊዜ በዚህ ስታልፉ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ይሁን፣ እሠራልሻለሁ። ግን ወናፌ ሥራ ከፈታ ቆየ፤ ከሰል የለኝም። ክረምቱን ደረቅ ከሰል ያቆየ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው አያ ድልነሳ ብቻ ነው። አምጪና ልሥራልሽ።»

የድልነሳን ስም ስትሰማ ይመናሹ ፊቷ ጠቆረ። የድልነሳ ልጅ መኳንንት የትርንጎ አባት ነበር። ሀረግና መኳንንት ዝናብ በጠፋበት ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወረዱ። መኳንንት እዚያው ወባ ገደለው። ሀረግ ታማ ተመለሰች፤ ትርንጎን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ይመናሹ ያን ወንዝ ተሻግራ አታውቅም።

አሁን ተሻገረች። ድልነሳ ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘችው። ሰላምታ አላስቀደመችም።

«ከሰል ፈልጌ ነው። ከሰል ከሌለ ማጭድ የለም፤ ማጭድ ከሌለ ሣር የለም፤ ሣር ከሌለ ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ድሪቶ የለም፤ ድሪቶ ከሌለ ትርንጎ ከቤት አትወጣም።»

«ትርንጎ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «የልጄ ልጅ።»

«የሀረግ ልጅ።»

«ሀረግን ልቀብር ብመጣ ከድንኳኑ በር መለስሽኝ። እኔም እኮ ልጄን አጥቼ ነው የመጣሁት። የእኔን ልጅ ማን እንደቀበረው እንኳ አላውቅም።»

«ቆላ ያወረዳት ልጅህ ነው።»

«ሁለቱንም ያወረዳቸው ችግር ነው፣ ይመናሹ።»

ይመናሹ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ከዚያ ድልነሳ «ከሰሉን ውሰጂ» አለ። «አንዲት ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ትርንጎ ማን ሰጠን ብላ ስትጠይቅሽ፣ አያትሽ ነው በያት።»

ይመናሹ ባዶ እጇን ተመለሰች። ለልጅቱ ያባትሽ አባት ሞቷል ብላ ነግራት ኖሯል።

እንግዲህ ቃሉ ከሌለ ከሰል የለም፤ ከሰል ከሌለ ማጭድ የለም፤ ማጭድ ከሌለ ሣር የለም፤ ሣር ከሌለ ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ድሪቶ የለም። ቁርጥራጩ መደቡ ላይ እንደተደረደረ አቧራ ለበሰ። የአራሷ ልጅ ለቅሶ በግድግዳው ይሰማል። መስቀል ደርሶ አለፈ። ይመናሹ በየማለዳው ነጠላዋን ታጣፋለች፤ እስከ ደጇ ትደርሳለች፤ ንዴቷ ይመልሳታል።

አንድ ቀን ከውኃ ስትመለስ ትርንጎ እየዳኸች በሩ ድረስ መጥታ፣ በሳንቃው ስንጥቅ ወደ ውጭ ስታይ አገኘቻት።

«እማማ፣ ልጆቹ መምጣት ተዉ። አበባው አለቀ እንዴ?»

ይመናሹ እንስራዋን አውርዳ በመጣችበት እግሯ ወንዙን ተሻገረች።

«ራስህ ና» አለችው ድልነሳን። «መጥተህ ትይህ። እኔ አፌ አይታዘዘኝም።»

ቃሉ ሲገኝ ከሰሉ ተገኘ። በከሰሉ ቦጋለ ማጭዱን ሠራ፤ በማጭዱ አስናቀ ሣሩን አጨደ፤ በሣሩ ላሚቱ ታለበች፤ ወተቱን አራሷ ጠጣች፤ ብዙነሽም መርፌዋን ይዛ ራሷ መጣች። ዓይኗ ከይመናሹ ዓይን አልገጠመም። አጠገቧ ተቀምጣ የድሪቶውን አንድ ጫፍ ሰፋችላት። ድሪቶው ሲያልቅ ይመናሹ ትርንጎን ጠቅልላ ወደ ሜዳው አወጣቻት።

አደዩ ረግፎ ነበር። ሣሩ ጫፉ መድረቅ ጀምሯል፤ አልፎ አልፎ የጠወለገ አበባ ይታያል። ፀሐይዋ ግን ሞቃት ነበረች፤ ትርንጎም ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ዓይኗን ጨፈነች።

ድልነሳ በወንዙ በኩል ብቅ አለ። የታጠበ ጋቢ ለብሷል።

«ማን ነው?» አለች ትርንጎ።

«ያባትሽ አባት ነው» አለች ይመናሹ።

«ሞቷል አላልሽኝም?»

ይመናሹ የድሪቶውን ጠርዝ ያዝ ለቀቅ አደረገች። ድልነሳ ቀረብ ብሎ ከልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ታምሜ ነበር፣ የኔ እናት» አለ። «ሰዎች ሞተ ብለው ነግረዋት ነው። እሷ ምን ታድርግ?»

ትርንጎ አምናው እጇን ዘረጋችለት። ከነድሪቶዋ አቅፎ ወደ ወንዙ ዳር ይዟት ሄደ። ይመናሹ ሣሩ ላይ ቀረች። ቢሰድባት ኖሮ ይቀላት ነበር።