በጠፍር የታሰረው በር

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ፣ ከግራር ዛፎች መካከል ብቻዋን የምትኖር አህያ ነበረች። ቤቷ የድንጋይ ነው፤ በሯ ደግሞ ወፍራም የወይራ ሳንቃ። የአካባቢው ጅብ አመሻሽ ላይ እየመጣ በሩን በትከሻው ይገፋል፤ በሩ ግን ከውስጥ በመወርወሪያ ስለሚዘጋ ንቅንቅ አይልም። አህያም ግፊያውን እያዳመጠች ድርቆሿን ታኝካለች።

ችግሩ የመጣው ከመወርወሪያው ወገን አይደለም። በሌላው ወገን በሩን ከመቃኑ ጋር የያዙት የብረት ማጠፊያዎች ዝገው ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት ተሰበሩ። አህያ ቀበሮን አስጠራች። ቀበሮ በዚያ አገር የታወቀች ጠጋኝ ናት፤ ሲባጎ በሉት፣ ሽቦ በሉት፣ የመብራት ሠራተኞች ምሰሶ ሲተክሉ ጥለውት የሄዱት የፕላስቲክ ማሰሪያ በሉት፣ በጆንያዋ ውስጥ የሌለ ነገር የለም።

«እመት ቀበሮ፣ ማጠፊያ መሥራት ትችያለሽ?» አለቻት አህያ።

«እችላለሁ። ግን ብረት መፈለግ አለ፣ ማጋል አለ፣ መቀጥቀጥ አለ። ለጊዜው በዚህ ልሰርልሽ።»

የፕላስቲኩን ማሰሪያ በሳንቃውና በመቃኑ ቀዳዳ አሾልካ ጫፉን ሳበችው፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ጠበቀ። አህያ በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ሞከረችው።

«እንዴት ደስ ይላል! ከብረቱ በምን ያንሳል?»

«ለጊዜው ነው ያልኩሽ» አለች ቀበሮ፤ አህያ ለድካሟ የቀቀለችላትን ንፍሮም በልታ ሄደች።

ፕላስቲኩን ፀሐይ አደረቀውና ተሰነጠቀ። ቀበሮ መጥታ በሲባጎ አሰረችው፤ ንፍሮዋን በላች። ሲባጎውን ዝናብ አበሰበሰው። በሽቦ አሰረችው፤ ንፍሮዋን በላች። እሷ በመጣች ቁጥር «ለጊዜው ነው» ማለቷን አልተወችም፤ አህያም «አውቃለሁ፣ ክረምቱ ይውጣና» ማለቷን አልተወችም። ክረምቱ ወጣ። በሩ ግን ቆሞ ስለነበር የክረምቱን መውጣት ከበሩ ጋር ያገናኘው የለም። ያም ሆኖ አህያ ጠንቃቃ ናት፤ ማታ ማታ መወርወሪያውን ደጋግማ ሳታይ አትተኛም።

የሚገርመው ጅቡ ነው። ይህን ሁሉ ወራት የገፋው በመወርወሪያው በኩል ብቻ ነበር። በር የሚከፈተው በዚያ በኩል መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ለማወቅ አልሞከረም።

ሽቦው የተበጠሰ ዕለት የቀበሮ ጆንያ ተሟጦ ነበር። ከሥሩ የተጠቀለለ የበሬ ቆዳ ጠፍር ብቻ ተገኘ።

«ይኼ እንኳ ጠንካራ ነው» አለች። «በሬ ጎትቶ አልበጠሰውም።»

«ጠንካራ ከሆነ ይበቃል» አለች አህያ። ቀበሮም ጠፍሩን ለሁለት ቆርጣ በሩን ከላይና ከታች አሰረችበት። በሩ ከማን እንደሚጠብቅ አንዳቸውም አላሰቡም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጅብ እንደ ልማዱ መጣ። ትከሻውን ለግፊያ አዘጋጅቶ ሳለ አፍንጫው ወደ ሌላው ወገን ዞረ። ፕላስቲኩም ሽቦውም ያልነገሩትን ቆዳው በጠረኑ ነገረው። ጥቂት ቆይቶ አህያ ከውጭ የማኘክ ድምፅ ሰማች።

«አያ ጅቦ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እራት እየበላሁ።»

«የኔን በር ነው የሚበሉት?»

«በር ማን ይበላል? ጠፍሩን ነው እንጂ። አንቺ አትቸኩይ፤ ተራሽ ይደርሳል።»

የላይኛው ጠፍር ተበጥሶ ሳንቃው ወደ ውጭ ሲያዘነብል፣ አህያ በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አየችው፤ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ወዴት እንደሚወድቅ፣ ከሥሩ ማን እንደቆመ። መወርወሪያው ይይዛል ብላ መጠበቅ ትችል ነበር። ያ ግን ጅቡ ጠፍሩን ጨርሶ እስኪገባ መጠበቅ ነው።

መወርወሪያውን በአፏ ይዛ አወለቀችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጅብ፣ አፉ እንደ ሞላ።

«እየከፈትኩልዎ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ጎሽ! ቆይ፣ ይቺን ልጨርሳት…»

አህያ ዞረችና በሩን በሁለት የኋላ እግሮቿ ረገጠችው። የወይራው ሳንቃ እንዳለ ጅቡ ላይ ወደቀ። እሷም በሳንቃው ላይ ተረማምዳ ወደ ሜዳው ፈረጠጠች። ጅብ ከሥር እንደምንም ሾልኮ ወጣና እያነከሰ ወደ ጫካው ገባ። ጠፍሩን ግን ከአፉ አልጣለም።

በማግስቱ አህያ ወደ ቤቷ ተመልሳ ንፍሮ ስትቀቅል ቀበሮ ጆንያዋን ይዛ መጣች።

«ሰማሁ፣ አይዞሽ። አዲስ ማሰሪያ አግኝቻለሁ፤ ለጊዜው…»

«እመት ቀበሮ፣ ማጠፊያ መሥራት ትችያለሽ ወይ ብዬሽ ነበር።»

«እችላለሁ አልኩሽ እኮ። ለጊዜው ነው ብዬም ነግሬሻለሁ።»

«ነግረሽኛል። ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ ግን ለምን ሳትሠሪው ቀረሽ?»

ቀበሮ ጆንያዋን መሬት አስቀመጠች። «ማጠፊያ ከሠራሁልሽማ መቼ ትጠሪኛለሽ? የተሰበረ ነገር ሳይኖረው እኔን የሚጠራ አይቼ አላውቅም።»

አህያ ድስቱን ከእሳቱ አወረደች።

«ብረቱን ፈልጊ። ንፍሮው በሩ ቢሰበርም ባይሰበርም አለ፤ እየመጣሽ ብዪ።»

ቀበሮ በጥርጣሬ አየቻት። «ለጊዜው ነው?»

«አይደለም» አለች አህያ።

ማጠፊያዎቹ ያን ዕለት ሳይመሽ ተሠርተው አለቁ።

ከዚህ የምንማረው፣ አንድን ነገር ለጊዜው ማሰር ጥፋት አለመሆኑንና ጥፋቱ ማሰሪያው ስለያዘልን ብቻ ለጊዜው መሆኑን መርሳታችን መሆኑን ነው።