የጓንጉል በሬና የይመር ዝናብ

ተረት አለኝ። የተኛ ይነሳ፣ የሚያወራ ዝም ይበል። ዝም አላችሁ? እንግዲያ ስሙኝ።

ድሮ፣ ድሮ፣ በአንድ አገር ይመር የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። መሬት አላቸው፣ ጉልበት አላቸው፤ በሬ ግን ያላቸው አንድ ብቻ ነው፣ ዳልቻ የሚሉት። አንድ በሬ ደግሞ ምን ያርሳል? ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል።

ጎረቤታቸው ጓንጉልም እንዲሁ አንድ በሬ ነበረው። ስሙ ቦራ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች መቀናጆ ገቡ። በሬህን ከበሬዬ ጋር እንጥመድ፣ ተራ በተራ እንረስ ተባባሉ። በመንደሩ ዳኛ በጭቃ ሹሙ ፊት፣ በአገር ሽማግሌ ፊት፣ «መጀመሪያ የጓንጉል ማሳ ይታረሳል፣ ቀጥሎ የይመር» ብለው ተማማሉ። ጓንጉል እጁን አንስቶ «ቃሌን ባጥፍ ቃሌ ያጥፋኝ!» አለ። አፉ ማር ነበር፣ ጓንጉል።

ዝናብ ጣለ። ዳልቻና ቦራ ተጠመዱ። የጓንጉል ማሳ ታረሰ፣ ለሰለሰ፣ ጤፉም ተዘራ። ይመር ደስ ብሎት ወደ ጓንጉል ደጅ ሄደ።

«ጓንጉል፣ ተራዬ ደረሰ። ቦራን ስጠኝ።»

«ውይ ወንድሜ! የቦራ ትከሻ ተልጧል። ትንሽ ይረፍ። ነገ ና።»

ይመር ተመለሰ። ዝናቡ ይዘንባል።

በነጋታው ሄደ። «ጓንጉል፣ ቦራን ስጠኝ።»

«ውይ ወንድሜ! አማቴ ታመው ልጠይቃቸው መሄዴ ነው። ቦራ ደግሞ ያለ እኔ ለማንም አይታዘዝም። ነገ ና።»

ይመር ተመለሰ። ዝናቡ ይዘንባል። አንጓች በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«በሬውስ?»

«ነገ ና አለኝ።»

«ይሄ ነገ የሚሉት ይዋለዳል እንዴ? አያልቅም እኮ!» አለች።

ይመር ደግሞ ሄደ። ጓንጉል ቤቱ የለም። ማዶ ቢያይ፣ ቦራ ከሌላ ሰው በሬ ጋር ተጠምዶ የሌላ ሰው ማሳ ያርሳል! ጓንጉል ጅራፉን እያጮኸ ከኋላ ይከተላል። ይመር እየሮጠ ደረሰ።

«ጓንጉል! ምንድን ነው ይሄ?»

«ውይ ወንድሜ! ሰውዬው ሙክት ሰጠኝ። ሙክት የሰጠን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? ነገ ና።»

ይመር መማታት ፈለገ፣ ማንን ይምታ? በሬው ምን አጠፋ? በየደጁ እየዞረ በሬ ለመነ። በዘር ወቅት በሬ ማን ያውሳል? በመጨረሻ እሱና አንጓች ዶማ አነሱ። ወገባቸው እስኪቆረጥ ቆፈሩ። ቢቆፍሩ፣ ቢቆፍሩ፣ ከማሳው አንድ ጥግ ብቻ ዘሩ። ዝናቡ አባራ።

ይመር ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄዶ ጮኸ። ጓንጉል ተጠራ። ጓንጉልም መጣ፣ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። ቦራን በገመድ እየሳበ ነው የመጣው።

«ይኸው በሬው! ይውሰደው! መቼ ከለከልኩት?» አለ።

የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። «አመጣለት እኮ። ሌላ ምን ይፈልጋል?» ተባለ። ጭቃ ሹሙም «ልጄ፣ በሬውን ተቀበልና ውልህን ፈጽም» አሉ።

ይመርም «እሺ ጌታዬ» አለ። «ግን እስቲ ማሳዬ ድረስ ይምጡልኝ።»

ሰው ሁሉ ተከተለ። ማሳው ተሰነጣጥቋል። ይመር «ጌታዬ፣ ከዘራዎን ይውጉት» አለ። ጭቃ ሹሙ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ወጉ። ከዘራው ነጠረ። ደግመው ወጉ። ነጠረ። ሲሠልሱ ጫፉ ተሰበረ።

«በዚህ ላይ ቦራ ምን ያደርግልኛል?» አለ ይመር።

ጭቃ ሹሙ የተሰበረ ከዘራቸውን አነሱ። «እንግዲያ ውሉ ይፍረስና ሁለታችሁም በሬ በሬያችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አሉ።

«ዳልቻ ለጓንጉል ያፈሰሰው ጉልበትስ ተመልሶ ትከሻው ውስጥ ይገባል?» አለ ይመር።

ጭቃ ሹሙም ቀና ብለው ጓንጉልን አዩት።

«ቃልህን ጠብቀህ ቢሆን ኖሮ ይመር በአጨዳ ጊዜ የት ይደርስ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጌታዬ?»

«እኔ አውቃለሁ። ጎተራው ደጅ ነበር። እዚያ ታደርሰዋለህ። ያንተ ማሳ በሚሰጥህ ልክ ተሰልቶ፣ ይመር ከራሱ ማሳ ያገኝ የነበረውን ያህል፣ ካንተ አውድማ ይሰፈርለታል።»

ጓንጉል ጮኸ። «ዘሩ የእኔ! መሬቱ የእኔ!»

«ያሳለፍከው ዝናብስ የማን ነበር?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ይመር እፎይ ሊል ሲል ጭቃ ሹሙ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተም በዶማ የዘራኸው ጥግ አለ። ከሚሰፈርልህ ላይ ያ ይቀነሳል።»

«ምን?» ይመር ሊያብድ ደረሰ። «የእኔ ወገብ ተቆርጦ ለጓንጉል ይጠቅመዋል?»

«የጎደለህን እሞላልሃለሁ። ያልጎደለህን ከየት አምጥቼ ልሙላ? ባትቆፍር ኖሮ ግን ሰነፍ ብዬ ከዚህ የባሰ እቀንስብህ ነበር።»

አንጓች ከሴቶቹ መሃል «እውነታቸውን ነው! በል ተቀመጥ!» አለችው። ይመር እያጉረመረመ ተቀመጠ።

ጓንጉል እጅ ነሳና በማር አፉ «እሺ ጌታዬ፣ እህሉ ሲደርስ እሰጠዋለሁ» አለ።

«ዋስ ጥራ» አሉት።

ጓንጉል ወደ ሰዉ ዞረ። አንዱን አየ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላውን አየ፤ ሌላው ሰማይ ሰማይ አየ። የገዛ አማቹን አየ። አማቹ «እስቲ ነገ ላስብበት» አለ።

ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ ዋስ ታጣ። ጭቃ ሹሙም ጓንጉል እንዳይሸሽ ነጠላውን ከይመር ነጠላ ጋር ቋጠሩና ቁራኛ አደረጓቸው። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ እስኪሰፈር ድረስ ሁለቱ ሰዎች አብረው ዋሉ፣ አብረው ገበያ ወጡ። ሰው ባየው ቁጥር ጓንጉል ፊቱን በነጠላው ይሸፍናል። ነጠላው ስለተቋጠረ ግን ግማሽ ፊቱን ብቻ ነው የሚሸፍንለት። ይመርም «ስለ በሬ ከስሼ ከጓንጉል ጋር ተጠመድኩ!» እያለ በቀን አሥሬ ይማረር ነበር። እህሉ ግን ተሰፈረ። ጎተራው ሞላ። ቋጠሮው ተፈታ።

በሚቀጥለው ክረምት ዝናብ ሲጥል፣ ይመር ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጅቶ ዳልቻን ጠመደ። ጓንጉል በየደጁ ዞረ። ማንም በሬውን አላጣመደለትም። ሙክት የሰጠው ሰው እንኳ በሩን ዘጋ። ቦራ በእርሻ ወራት ሣር ሲግጥ ከረመ፣ ጓንጉልም ዶማ ይዞ ጎንበስ አለ።

ለዚህ ነው ልጆቼ፣ በሬ በቀንዱ ይታሰራል፣ ሰው በቃሉ የሚባለው።

ተረቴ አለቀ። ያልገባው ይጠይቅ፣ የገባው ቃሉን ይጠብቅ።