የጸሎቱ ጸ፣ የፀሐዩ ፀ እና ጭጭ ያለው ኮምፒውተር

ዳቦውን ተዉት፣ ጆሯችሁን ብቻ አበድሩኝ! ፍኖተ ሰላም ውስጥ መምህር ጥላዬ የሚባሉ የአማርኛ አስተማሪ አሉ። ዓይናቸው አያይም፤ የተማሪዎቻቸውን ድርሰት ኮምፒውተራቸው እያነበበላቸው ነው የሚያርሙት። የሚሠራውም በሊኑክስ ነው፤ ማንም በነፃ የሚወስደው፣ ማንም ከፍቶ የሚያስተካክለው ሥርዓት ነው። ታዲያ ሰኞ ጠዋት ድምፁ ጠፋ። ድርሰቱ ካልታረመ ደግሞ ክፍሉ ለሌላ ሰው ሊሰጥባቸው ነው።

"ተናገር እንጂ፣ ምን ሆንክብኝ?" አሉት። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ።

ረቡዕ ላይ በትራቸውን ይዘው ወይንሸት የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። "ወይንሸትዬ፣ ኮምፒውተሩ አልናገር አለ፣ እኔም ማረም አቃተኝ። ያንቺም እንዲህ ሆኖ አልነበር?"

"ውይ ጋሼ! መፍትሔውን ኢንተርኔት ላይ፣ ሊኑክስ የምንጠቀም ሁሉ ያወቅነውን በምናኖርበት የጋራ ማኅደር ጽፌው ነበር። ጎሳዬ አነሳብኝ! በቃሌ አልያዝኩትም፤ እሱ ካልመለሰው ሁለተኛ አልጽፍም!" አለች። ከፍቷት ነበር፣ እውነቷን ነው።

ሞባይል ጠጋኙ ጎሳዬ ዘንድ ሄዱ። "ጎሳዬ፣ ጽሑፉን መልስላት። ወይንሸት አልጽፍ አለች፣ ኮምፒውተሩ አልናገር አለ፣ እኔም ማረም አቃተኝ።"

"አልመልስም መምህር! ድምፅ የሚለውን ቃል በጸሎቱ ጸ ጻፈችው፤ ማኅደሩ ውስጥ ያለው ሌላው ሁሉ በፀሐዩ ፀ ነው። በአንዱ ፈልጎ ያጣ ሰው ገጾቹን የማጣራውን እኔን ነው የሚረግመኝ። እማዋይሽ ትወስን!"

እማዋይሽ ማኅደሩን የምታስተዳድረው ከሐዋሳ ነው፤ በየትኛው ሐ እንደሚጻፍ አደራ አትጠይቁኝ። ደወሉላት። "ልጄ፣ የጸን ነገር ወስኚልን። ጎሳዬ አልመልስ አለ፣ ወይንሸት አልጽፍ አለች፣ ኮምፒውተሩ አልናገር አለ፣ እኔም ማረም አቃተኝ።"

"እኔ አልወስንም አባቴ! ፊደል አዋቂ ይፍረደን ብለን ለአንድ መምህር ሰኞ ኢሜይል ላክን፤ ይኸው ድምፃቸው ጠፋ። ምን ዓይነት ኩራተኛ ሰው ናቸው!"

"ማን ይባላል ይሄ ኩራተኛ?"

"መምህር ጥላዬ፣ ከፍኖተ ሰላም።"

መምህር ጥላዬ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ኧረ ልጄ፣ ኩራተኛው እኔው ነኝ! ኢሜይልሽን የሚያነብልኝ እኮ ይሄው ኮምፒውተር ነው። እሱ አልናገር ካለ በምን ልስማሽ?"

"እኔ ልሙት!" አለች፤ አፈረች። "ታዲያ ትክክሉ የትኛው ነው?"

"በፀሐዩ ነው። ግን ለጆሮዬ ሁለቱም አንድ ናቸው። ማኅደሩንም እንደ እኔ አድርጉት፤ በዚህም በዚያም የፈለገ ሰው አንዱን ገጽ ያግኝ።"

ያኔ እማዋይሽ ወሰነች፣ ጎሳዬ መለሰ፣ ወይንሸት እቤታቸው ድረስ መጥታ ከገጿ ላይ እያየች ትእዛዙን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች፣ ኮምፒውተሩም ተናገረ! መጀመሪያ ያነበበው የእማዋይሽን ኢሜይል ነበር፦ "መምህር፣ ትክክሉ ድምፅ ነው ወይስ ድምጽ?"

"ምን ይላል ይሄ? አንዱን ቃል ሁለቴ ይጠይቃል እንዴ?" አለች ወይንሸት።

"ለጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው ብዬ የለ!" አሉ መምህር ጥላዬ፤ ድምፁ ናፍቋቸው ኖሮ እንባ ቀረሽ ሳቅ ሳቁ። ከዚያ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው የመጀመሪያውን ድርሰት አስከፈቱ።

እኔም ጨረስኩ፤ በፈለጋችሁት ጸ ጻፉልኝ።