ንብን ሰነፍ ያለው ሰው

አንድ ቀፎ ብቻ የነበረው ሰው ነበረ።

ቁጭ በይና ስሚኝ፣ ትርንጎ። ቅድም «አሰልጣኝ፣ ሰኞ ዕለት ደም ሰጥቼ ነበር፤ ዛሬ አቀበቱ ላይ እግሬ ሰነፈብኝ፤ የጎደለውን ነገ እጥፍ አድርጌ ልሥራው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ደም ከሰጠሽ ገና ሦስት ቀንሽ ነው። ጓደኞችሽ ሁሉ ጥለውሽ ሲሄዱ፣ ድንጋይ ተደግፈሽ ስታስመልሺ አይቻለሁ። መልሴ ይህ ሰውዬ ነው። ተናድጄ ስለሆነ የምነግርሽ፣ ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሚኝ።

ሰውየው ሀብታም አልነበረም። ጓሮው ካለ ዋንዛ ላይ የሰቀላት አንዲት ቀፎ ነበረችው፤ የቤቱን ጨውና በርበሬ፣ የልጆቹን ልብስ የምትሸፍነው እሷ ነበረች። ንቦቹም ብርቱ ነበሩ። ጎሕ ሲቀድ ይወጣሉ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይገባሉ። በየዓመቱ ገበያው ላይ ትልቁን የማር ገንቦ የሚያወርደው እሱ ነበርና ሰውየው በዚህ ይኮራ ነበር። ይኩራ፣ በዚህ አልጣላውም፤ ምንም እንኳ ማሩን የሠሩት ንቦቹ ቢሆኑም።

አንድ ቀን ጎረቤቱ የሆነች ሴት በንዳድ ታማ አልጋ ላይ ወደቀች። እህል አልወርድላት አለ። ባሏ መጥቶ «ማር ብታገኝልኝ፣ ብርዝ በጥብጬ ባጠጣት ትተርፍ ይሆናል» አለው። ጊዜው የማር ቆረጣ ጊዜ አልነበረም። ሰውየው ግን አላቅማማም፤ ጭስ አስነሥቶ ቀፎዋን ከፈተና ከማሩ ቆርጦ ሰጠ። ሴትዮዋ ያንን እየቀመሰች ሰነበተችና ዳነች። አገሬው ሁሉ መረቀው። እስከዚህ ድረስ ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ እኔም አብሬ እመርቀዋለሁ።

በማግስቱ ንቦቹ እንደ ወትሯቸው ወጡ። ቀፎዋን ከውጭ ሲያዩዋት ምንም የጎደላት አትመስልም፤ ድምፅዋም ያው ነው። ማር ሲቆርጥ ያረጀ አንድ ሽማግሌ ግን በዚያ ሲያልፍ ቆመና «ልጄ፣ ከእንግዲህ አበባ እስኪወጣ ድረስ ቀፎዋን አትክፈት። ውሃ አስቀምጥላቸው። እነሱ ይውጡ፣ ይግቡ፤ አንተ ግን እጅህን ሰብስብ» አለው። ሰውየው እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

በሦስተኛው ቀን ከፈታት። አበባ በሌለበት ወር፣ ማሩን በቆረጠ በሦስተኛው ቀን፣ ምን ያህል እንደ ተካ ሊያይ ከፈታት። የተቆረጠው ቦታ ባዶውን ነበር። የዓመቱ ገበያ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ የወዲያ ሰፈር ባለቀፎዎች ገንቧቸውን ማጠብ ጀምረዋል። ሰውየው በሸቀ። ዱላውን አንሥቶ ቀፎዋን ይደበድባት ጀመር። «ሰነፎች ናችሁ» አላቸው።

ንብን ሰነፍ አላት። ይህን ያህል ዘመን ስኖር ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፤ ንብን ሰነፍ ብሎ የሰደበ ግን ከዚህ ሰው በቀር አላጋጠመኝም። ሰው ልጁን ሥራ ሲያስተምር ንብን ነው የሚያሳየው። ማሯን ከአፏ የወሰደባት እሱ፣ በማሯ የተመረቀው እሱ፣ ሰነፍ የተባለችው እሷ። እንዲህ ያለ ዓይን አውጣነት እንዴት አያናድድ?

በዚህ ቢበቃው ደግ ነበር። ሲያስብ ውሎ አንድ ብልሃት መጣለት፤ ብልሃት ከተባለ። «እነዚህን ያሰነፋቸው ጥጋብ ነው። ሲርባቸው ይሠራሉ» አለ። ጭሱን እንደገና አስነሥቶ፣ ለራሳቸው ምግብ የቀረቻቸውን ጥቂት ማር ጠራርጎ ቆረጠ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወደ ጓሮ ሲዘልቅ ቀፎዋ ዝም ብላለች። ጆሮውን ለጠፈባት። ምንም የለም። ንቦቹ አንድም ሳይቀሩ ኮብልለው ነበር።

ጥፋቱን ማየት እንቢ ያለ ሰው ወዴት ይሄዳል? በቀጥታ ታማ ወደ ነበረችው ሴት ደጅ ሄደ። እሷ ከቤቷ ፊት ፀሐይ እየሞቀች ጥጥ ትፈትል ነበር። «በአንቺ የተነሣ ቀፎዬ ባዶዋን ቀረች። ያን ቀን እጄ በተሰበረ» አላት።

ሴትዮዋ እንዝርቷን አቆመች። «ማርህን በልቼ ድኛለሁ፤ ውለታህን እስክሞት አልክድም። ግን ወንድሜ፣ እኔ ማሩን በላሁ እንጂ ያን ሁለተኛውን ጭስ አላስነሣሁም» አለችው።

ትርንጎ፣ ቀፎዋ ያንቺ ገላ ናት። ደምሽን ለማታውቂው ሰው መስጠትሽ እጅሽ ይባረክ የሚያሰኝ ነው፤ የተናደድሁት በእሱ አይደለም። ደም የቀዳችልሽ ነርስ «ፈሳሹ በአንድ በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀዩ ደም ግን ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያው ቀስ በዪ» ስትልሽ እሺ ብለሽ ወጣሽ። ከዚያ ከእኔ ደብቀሽ ከቡድኑ ጋር አቀበት ገባሽ። ብትነግሪኝ ምን ትሆኚ ነበር? ከውጭ ሲያዩሽ ደህና ነሽ፤ ትበያለሽ፣ ትስቂያለሽ። ሽቅብ ስትሮጪ ግን አየሩን ለእግርሽ የሚያደርሰው ደም ጎድሏል። አንቺ ታዲያ ምን አልሽ? እግሬ ሰነፈ አልሽ። ስድስት ዓመት በብርድ በጭቃ ተሸክሞሽ የኖረውን እግር ሰነፍ አልሽው። ነገ ደግሞ እጥፍ ልታሠሪው ፈቃድ ትጠይቂኛለሽ። የቀረችዋን ማር መጥረግ ማለት ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀርሽ ስጦታሽን መራገም ነው፤ እሱንም ቅድም «ምነው ባልሰጠሁ» ስትዪ ጀምረሽዋል። ምናልባት አንዲት ነፍስ ባተረፈ ነገር ላይ እንዲህ አይባልም።

ለውድድር የሚደረገው የሯጮች ምርጫ ሦስት ሳምንት ብቻ እንደ ቀረው አውቃለሁ። ሊያመልጥሽ ይችላል፤ አልዋሽሽም። ቢሆንም ነገ ታርፊያለሽ። በሚቀጥሉት ቀናት በእግርሽ ትሄጃለሽ፤ ሲሻልሽ ወሬ እያወራሽ የምትችዪውን ሶምሶማ ሜዳው ላይ ትሮጫለሽ። አቀበቱን እኔ ስልሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ሂጂ። ንቦቹ በደሉ ሲበዛባቸው ክንፍ ነበራቸው፤ ተነሥተው ሄዱ። ይህ ገላሽ ግን ወዴት ይሄዳል? ብትሰድቢውም፣ ብታስርቢውም፣ ነገ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥ ስትዪው ይነሣልሻል፤ ሩጥ ስትዪውም እስኪወድቅ ድረስ ይሮጥልሻል። እሱ እንቢ ማለት ስለማይችል እኔ በእሱ ፈንታ እንቢ እልሻለሁ። ነገ አትሮጪም።